መንገደኛውና መንገድ መሪው፦ የፕሮፌሰር ዮሴፍ ሃሌቪ ጉዞዎችና የእኛ ታሪክ



ስለ ቤተ እስራኤል ታሪክ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው አንድ ቃል አለ። ይኸውም «ተገኙ» የሚለው ነው። እገሌ የሚባል መንገደኛ በዚህ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ አይሁድን አገኘ ይባላል። ልጆቻችንም ይህንኑ በትምህርት ቤት ሰምተው ሲመጡ «ጠፍተን ነበር እንዴ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በወገራና በደምቢያ፣ በሰሜንና በወልቃይት፣ በትግራይም ቀዬአቸውን መሥርተው፣ ኦሪታቸውን እያነበቡና ሰንበታቸውን እያከበሩ ይኖሩ ነበር። ለራሳቸው የጠፉ ሰዎች አልነበሩም።

በዚህ ጽሑፍ ከእነዚያ መንገደኞች የአንዱን፣ የፕሮፌሰር ዮሴፍ ሃሌቪን ታሪክ እናቀርባለን። የእሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአይሁድ ድርጅት ተልከው ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ከመጡት አውሮፓውያን አይሁድ የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ ከእኛ ዘንድ ከተመለሱ በኋላ ወደ የመን ሲጓዙ አብረዋቸው የሄዱት መንገድ መሪ የራሳቸውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለዚህ የአንድ ጉዞ ታሪክ ከሁለት አፍ ሲነገር ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት እንችላለን። ከዚህ ላይ ለእኛ ለስደተኛ ቤተሰቦች ትልቅ ትምህርት አለበት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ ምን ይመስል ነበር?

ዮሴፍ ሃሌቪ በ1827 በኦቶማን ቱርክ ግዛት ውስጥ በአድሪያኖፕል ከተማ ተወለዱ። ከተማይቱ ዛሬ ኤዲርኔ ትባላለች። በወጣትነታቸው በአይሁድ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ዕብራይስጥን አጥብቀው ይወዱ ነበር፤ ከዕብራይስጥም ተነሥተው ወንድም እኅት የሆኑትን የሴም ቋንቋዎች አጠኑ። ከእነዚህ መካከል አንዱ የእኛ ቄሶች የሚጸልዩበት ግዕዝ ነው።

በዚያን ጊዜ በአገራችን ትልቅ ችግር ነበር። ከ1860 ጀምሮ ከለንደን የተላኩ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን የቤተ እስራኤልን ልጆች ወደ ክርስትና ለማምጣት ይሠሩ ነበር። ከመሪዎቻቸው አንዱ ሄንሪ አሮን ስተርን ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ነበር። ከዚህም የተነሣ በየመንደሩ ክርክርና ጭንቀት ሆነ። በ1862 አባ መሓሪ የሚባሉት መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሡ። ሽማግሌዎቻችን እንደሚተርኩት የኤርትራ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ነገር ግን ብዙዎቹ በትግራይ በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የቀሩትም ተመለሱ። እንግዲህ አውሮፓዊው መንገደኛ ወደ እኛ ለመምጣት ከመነሣቱ በፊት የእኛ ሰዎች ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሥተው ነበር ማለት ነው።

የሚሲዮናውያኑ ሥራ በአውሮፓ በተሰማ ጊዜ አንዳንድ የአይሁድ መሪዎች ተነሡ። ራቢ ዓዝሪኤል ሂልደስሃይመር በ1864 ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ የእርዳታ ጥሪ አወጡ። መቀመጫው በፓሪስ የሆነና በ1860 የተመሠረተው «አሊያንስ እስራኤሊት ዩኒቨርሴል» የተባለው ድርጅት ደግሞ የሕዝቡን ሁኔታ አይቶ የሚመለስ ሰው ለመላክ ወሰነ። የተመረጡትም የአርባ ዓመቱ መምህር ዮሴፍ ሃሌቪ ናቸው።

ሃሌቪ በ1867 ምጽዋ ሲደርሱ ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሚሲዮናውያኑን አስረው ስለነበር የእንግሊዝ ጦር በጀኔራል ናፒየር እየተመራ በቀይ ባሕር በኩል ሊገባ ይዘጋጅ ነበር። ያ ጦር በሚያዝያ 1868 መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ብቸኛ ነጭ ሰው በአገሩ ውስጥ ሲዘዋወር ሁሉም ሰላይ ነው ብሎ ቢጠረጥረው አያስደንቅም። ሃሌቪም የጦሩን መንገድ ትተው በሰሜን ምዕራቡ ቆላ በኩል ዞረው እስከ ወልቃይት ዘለቁ።

በቤተ እስራኤል ደጃፍ

ሃሌቪ ከቤተ እስራኤል ሰዎች ጋር በተገናኙ ጊዜ የሆነውን ራሳቸው ጽፈውት ይገኛል። እኔም የእናንተ ወገን ነኝ ባሉ ጊዜ ሰዎቹ ፊታቸውን እያዩ አላመኗቸውም። ከእኛ ወገን ነጭ ሰው ይኖራል ወይ? ትሣለቅብናለህን? አሏቸው።

ይህን ነገር አንዳንድ ጸሐፊዎች የየዋህነት ምልክት አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን እንዲህ አንመለከተውም። እነዚያ ሰዎች ከሰባት ዓመት በፊት ሌላ ነጭ ሰው መጥቶ «እኔም ከእስራኤል ዘር ነኝ» ብሎ ልጆቻቸውን ሊያስጠምቅ እንደነበረ ያውቃሉ። በዚያ ላይ የአትንኩኝ ሥርዓት ነበራቸው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤታቸው አይገባም፤ ከባዕድ ጋር የተነካካ ሰው ገላውን ታጥቦ ነው የሚገባው። ስለዚህ መጠርጠራቸው የጥበብ ነገር ነበር።

ሃሌቪ በኢየሩሳሌምና በቀረው ዓለም ያሉት የሃይማኖት ወገኖቻቸው ነጮች መሆናቸውን ነገሯቸው። ይህን ጊዜ ከንግግሩ ሁሉ አንዲት ቃል የሰዎቹን ልብ ነካች። እሷም «ኢየሩሳሌም» የምትለው ናት። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የነሱ ሆነ። የጽዮንን ተራራ በዓይንህ አይተሃል? የእናታችን የራሔል መቃብር የት ነው? ኬብሮንስ እንዴት ናት? እያሉ ያለ ማቋረጥ ጠየቋቸው። ሃሌቪም በዚያች ሰዓት ልባቸው በጣም እንደተነካ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። የመጀመሪያው፣ ሃሌቪ የሰጡት መልስ ሙሉ አልነበረም። በዓለም ያለው አይሁዳዊ ሁሉ ነጭ አለመሆኑን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ራሳቸው በየመን ይኖሩ ከነበሩት አይሁድ መካከል ገብተው ያዩታል። ሁለተኛው ደግሞ መርማሪውና ተመርማሪው ማን እንደነበረ ነው። በፓሪስ ያሉት ሰዎች ሃሌቪን የላኳቸው «እነዚህ ሰዎች በእውነት አይሁድ ናቸውን?» የሚለውን መርምረው እንዲመለሱ ነበር። የወልቃይት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ለሃሌቪ አቀረቡ፤ ባለ ቆዳው ቀለም ሳይሆን ስለ ኢየሩሳሌም ባላቸው ዕውቀትና ፍቅር መርምረው ተቀበሏቸው።

የእኛ ምርመራ ግን እንዲህ በአጭሩ አላለቀም። የሴፋርዲም ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን የሚያጸናውን ውሳኔ የሰጡት በ1973 ነው። የእስራኤል መንግሥትም የመመለስ ሕግ ለእኛም እንዲሠራ የወሰነው በ1975 ነው። ሃሌቪ ወደ ኢትዮጵያ ከሄዱበት ጊዜ ጀምሮ ብንቆጥር 108 ዓመት ይሆናል።

ሃሌቪ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ አንድ የቤተ እስራኤል ወጣት ይዘው ነበር። በሪፖርታቸውም ሰዎቹ በእርግጥ አይሁድ ስለሆኑ ትምህርት ቤት ይከፈትላቸው ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ይሁን እንጂ በፓሪስ ብዙዎች ቃላቸውን ተጠራጠሩ፤ ወጣቱን ተቀብሎ ለማስተማርም ፈቃደኛ የሆነ አልተገኘም። ሪፖርቱ ታተመ፤ ሥራው ግን ሳይጀመር ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ።

ወደ የመን፦ ከመዳብ ቀጥቃጩ ጋር

ሃሌቪ ብዙ አላረፉም። የፈረንሳይ የጥንታዊ ጽሑፎች አካዳሚ በደቡብ ዐረብ አገር በድንጋይ ላይ የተቀረጹትን የሳባ ጽሑፎች ቀድቶ የሚያመጣ ሰው ይፈልግ ነበርና በ1869 ወደ የመን ላካቸው። ሳባ ማለት በአገራችን ተረት ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ጋር ሁላችንም የምናውቀው ስም ነው።

ወደ እነዚያ የጥንት ከተሞች አውሮፓዊ በግልጽ መሄድ አይችልም ነበር። አገሩ በነገድ በነገድ የተከፋፈለና ለባዕድ የተዘጋ ነው። ስለዚህ ሃሌቪ ምጽዋት የሚለምን የኢየሩሳሌም ደሃ ራቢ መስለው፣ አሮጌ ልብስ ለብሰው ተጓዙ። በነገዶቹ ሕግ አይሁዳዊ መሣሪያ አይታጠቅም፤ መሣሪያ ያልታጠቀውን ሰው መግደልም ለታጣቂው ነውር ነው። እያንዳንዱም አይሁዳዊ ከነገዱ መካከል የሚጠብቀው ሰው ነበረው። እንዲህ ሆኖ ንቀቱ ራሱ ለመንገደኛው ከለላ ሆነው።

ነገር ግን አለባበስ ብቻውን አያሻግርም። የአገሩን ቋንቋ፣ የነገዶቹን ጠብና እርቅ፣ የውኃ ጉድጓዱን ቦታ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባል የለ? በሰንዓ ከተማ ሃሌቪ ያገኙት ሰው ሐይም ሐብሹሽ ይባላሉ። ሥራቸው መዳብ ቀጥቃጭነት ነበር። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየመን እንደ ብርና መዳብ ሥራ ያለውን የእጅ ጥበብ በብዛት የሚሠሩት አይሁድ ነበሩ። በጎንደር አካባቢም ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጡት፣ ሸማውን የሚሠሩት፣ ሸክላውን የሚያበጁት የእኛ ሰዎች ነበሩ። በሁለቱም አገር ጎረቤቱ ሙያተኛውን እየናቀም ቢሆን ያለ እሱ መኖር አይችልም ነበር። ሙያቸው በየመንደሩ ስለሚፈለግ ሐብሹሽን የሚያውቃቸው ሰው በየቦታው ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በ1870 ከሰንዓ ተነሥተው ወደ ጀውፍ፣ ከዚያም ወደ ነጅራን፣ በመመለሻቸውም ወደ ማሪብ ተጓዙ። ነጅራን የሚደርስ አውሮፓዊ ከሮማዊው የጦር አዛዥ ከኤልዩስ ጋሉስ ዘመን ወዲህ፣ ማለት ወደ 1,900 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንዳልነበረ ይነገራል። በመንገድ ላይ የሚያርፉት በአይሁድ ቤቶች ነበር። በየቤቱ እንግዳ ተቀባይ፣ በየመንደሩ ሰንበትን የሚያከብር ወገን አገኙ። ድንጋይ መቅዳት ግን አስጊ ሥራ ነበር። አንድ ሰው ፍርስራሽ መካከል ቁጭ ብሎ ሲጽፍ የታየ እንደሆነ የተቀበረ ወርቅ ይፈልጋል ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ድንጋዮቹ ሄደው ጽሑፉን የሚቀዱት መንገድ መሪው ሐብሹሽ ነበሩ። ፊደሉን አያውቁትም፤ ይሁን እንጂ የቀጥቃጭ ዓይንና እጅ ስላላቸው ቅርጹን እንዳየው አድርጎ መገልበጥ ይችሉበት ነበር።

ሃሌቪ ወደ ፓሪስ የተመለሱት 686 የሚሆኑ ጽሑፎችን ይዘው ነው። የጥንቱን የሳባ ቋንቋ ለማጥናት ይህ ትልቅ ሀብት ሆነ።

ይህ ፊደል እኛንም ይመለከታል። አማርኛና ግዕዝ የምንጽፍበት ፊደል የመጣው ከደቡብ ዐረብ ፊደል ነው። አንዳንዶቹ ቅርጾች፣ እንደ በ እና እንደ ዐ ያሉት፣ ዛሬም ከድንጋዩ ላይ ካለው ጋር ሲታዩ ዝምድናቸው ይታወቃል። የሳባ ጽሑፍ እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፍ ነበር፤ እንደ ዕብራይስጥም አናባቢ ድምፅ አያሳይም። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያልን የምንቆጥራቸው ሰባቱ ቅርጾች የተጨመሩት በኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአራተኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጊዜ አካባቢ ነው። በኡልፓን የዕብራይስጥ ጽሑፍ አናባቢ ስለሌለው የተቸገራችሁ ሁሉ እንግዲህ የራሳችንም ፊደል አባት እንዲሁ እንደነበረ ዕወቁ።

ሐብሹሽ የጻፉት መጽሐፍ

ሃሌቪ ስለ የመን ጉዟቸው በፓሪስ ሪፖርት አሳተሙ፤ በዚህም ስማቸው በሊቃውንት ዘንድ ገነነ። ነገር ግን በሪፖርቱ ውስጥ ሐብሹሽ የሠሩት ሥራ ቦታ አልተሰጠውም። መንገዱን የመራው፣ ከነገዶቹ ጋር የተነጋገረው፣ ከጽሑፎቹም ብዙውን የቀዳው ሰው በጽሑፍ ላይ የለም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የሐይም ሐብሹሽን ስም የሚያውቅ ሰው ባልኖረ ነበር። ሆኖም ኤድዋርድ ግላዘር የሚባሉ ሌላ የአውሮፓ ሊቅ ወደ የመን በሄዱ ጊዜ ከሐብሹሽ ጋር ተዋወቁና ያዩትን ሁሉ እንዲጽፉ መከሯቸው። ሐብሹሽም በ1893፣ ጉዞው ካለቀ ከ23 ዓመት በኋላ፣ መጽሐፋቸውን ጻፉ። በመጀመሪያ በዕብራይስጥ ጀመሩት፤ በኋላ ግን በእናታቸው ቋንቋ፣ በሰንዓ ዐረብኛ፣ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፉት። እሳቸው በ1899 አረፉ። መጽሐፉን ያሳተሙት በኢየሩሳሌም ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጎይታይን ሲሆኑ የዕብራይስጡ ትርጉም በ1939፣ የዐረብኛው ጽሑፍ ደግሞ በ1941 ወጣ።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ይረዳል። የሃሌቪ ሪፖርት ስለ ድንጋዮቹ፣ ስለ ፊደሉና ስለ ፍርስራሹ ይናገራል። የሐብሹሽ መጽሐፍ ስለ ሰዎቹ ይናገራል፦ በየመንደሩ ማን እንዳሳደራቸው፣ ሴቶች ምን እንደተናገሩ፣ የነገዱ ጠባቂ እንዴት ቃሉን እንደጠበቀ፣ የገጠሩ አይሁድ እንዴት እንደሚኖሩ። የሃሌቪ ሥራ ለቋንቋ ሊቃውንት መሠረት ሆኗል። ስለዚያ ዘመን የየመን አይሁድ ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን የሚሄደው ወደ መዳብ ቀጥቃጩ መጽሐፍ ነው። ከ1949 እስከ 1950 ወደ 49,000 የሚሆኑ የየመን አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲመጡና የዱሮ ቀዬአቸው ባዶ ሲሆን፣ ልጆቻቸው ስለ አያቶቻቸው አገር የሚያነቡት ከራሳቸው ወገን የተጻፈ መጽሐፍ ነበራቸው።

በሃሌቪ ላይ ግን ክፉ አንናገርም። በየትኛውም ዘመን የነበሩ ብዙ መንገደኞች ያደረጉትን ነው ያደረጉት። ለእኛም የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው።

መምህሩና ተማሪዎቻቸው

ሃሌቪ ከ1879 ጀምሮ በፓሪስ በከፍተኛ ጥናት ትምህርት ቤት የግዕዝ መምህር ሆኑ። ከኢትዮጵያ የመጡትን የቤተ እስራኤል ጸሎቶች በ1877 አሳተሙ። ቄሶቻችን የሚያከብሩትን «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለውን መጽሐፍም በ1902 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አወጡ። በ1917 በዘጠና ዓመት አካባቢ ዕድሜያቸው አረፉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን አንድ ተማሪ ማፍራታቸው ይመስለናል። እሱም በ1881 በፖላንድ በሎድዝ ከተማ የተወለዱት ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ናቸው። ፋይትሎቪች ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ ከመምህራቸው ስለ ቤተ እስራኤል ሰምተው፣ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። የመንገዱን ወጪ የሰጧቸው ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ ነበሩ። በ1905 ሲመለሱ ጌቴ ኤርምያስና ታምራት አማኑኤል የተባሉ ሁለት ወጣቶች ይዘው ወደ አውሮፓ መጡ። በሃሌቪ ጊዜ የተዘጋው በር በዚህ ጊዜ ተከፈተ፤ ወጣቶቹም ትምህርት ቤት ገቡ።

ከእኛ የተነሡ መንገደኞች

ስለዚህ የዓለም ጉዞ ታሪክ ሲነገር የታምራት አማኑኤልንም ስም መጥራት ይገባናል። ታምራት በ1888 በጎንደር አውራጃ በጀንዳ ተወለዱ። በልጅነታቸው አሥመራ በሚገኘው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስም ወደ ጣሊያን ወደ ፍሎረንስ ሄደው በራቢዎች ትምህርት ቤት ተማሩ። ከአውሮፓ ተመልሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደዱ፤ ነፃነት ሲመለስ ተመልሰው መንግሥትን አገለገሉ፤ በፓሪስም በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ። በመጨረሻ በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ።

እንደ እሳቸው ያሉ ወደ ሃያ አምስት የሚሆኑ ልጆች በዚያ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣሊያንና ወደ ግብፅ ለትምህርት ተልከው ነበር። ከነዚህ አንዱ ኋላ የሕዝባችን መሪ የሆኑት አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። ልጆቹ ከደጋ መንደር ወጥተው የማያውቁትን ብርድ፣ የማያውቁትን ምግብ፣ የማያውቁትን ቋንቋ ተጋፈጡ። አንዳንዶቹ በበሽታ ሞተው በሰው አገር ቀሩ። ከሃሌቪ መንገድ የነሱ መንገድ አይቀልም። ሃሌቪ አገሩን አይተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። እነዚህ ልጆች ግን ሁለት ቤት ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በአውሮፓ ኢትዮጵያዊ፣ በመንደራቸው ደግሞ ፈረንጅ ይባሉ ነበር። ይህን ኑሮ ዛሬ በእስራኤል የሚያድጉት ልጆቻችን በሚገባ ያውቁታል።

በቃል ያለ ይረሳል

ውድ ወላጆች፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለወሬ ያህል አይደለም። በየቤታችን ከሃሌቪ ጉዞ የማያንስ ጉዞ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ከአርማጭሆና ከወልቃይት በሌሊት ተነሥተው ሱዳን የገቡ፣ በኡም ራኩባ መጠለያ ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ በ1984 መጨረሻ በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ የተሻገሩ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከተጓጓዙት ከ14,000 በላይ ሰዎች መካከል የነበሩ፣ ከዚያም ወዲህ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ተራቸውን የጠበቁ አሉ። በሱዳን መንገድ የሞቱት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ስለነዚህ ጉዞዎች የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ባለ ሥልጣኖች ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አውሮፕላኖቹና ዘመቻዎቹ በብዛት ይገኛሉ። መንገድ የመራው ጎረምሳ፣ ውኃ ያካፈለችው እናት፣ በሽተኛውን በትከሻው ተሸክሞ ያሻገረው ወንድም ግን ብዙ ጊዜ ስማቸው የለም። እነሱ የእኛ ሐብሹሾች ናቸው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ደብተር እንዲከፈት እንመክራለን። ደብተሩ የሊቅ ሥራ አይጠይቅም። አያቶችን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፦ የተወለዱበት መንደር ማን ይባላል? ጸሎት ቤቱ በየት በኩል ነበር? ቄሱ ማን ነበሩ? ከቤት የወጡት በምን ወር ነው? አብረዋቸው እነማን ነበሩ? የትኛውን ወንዝ ተሻገሩ? መንገድ የመራቸው ማን ነው? ማን አሳደራቸው? ማንን የት ቀበሩ? የሚመልሱት በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ በትግርኛ ከሆነ በትግርኛ እንደ አነጋገራቸው ጻፉት። ሐብሹሽም ነገሩ የተሟላላቸው በእናታቸው ቋንቋ ሲጽፉ ነው። ልጆች ደግሞ በሌላው ገጽ በዕብራይስጥ ይተርጉሙት። በዚህ ዓይነት ልጅ የአያቱን ቋንቋ ይማራል፤ አያትም ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት ያገኛል።

ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆች በዚህ ማፈር የለባቸውም፤ እነሱ ይናገሩ፣ ልጆች ይጻፉ። ከአዲስ መጤዎች መካከል «እኛ የመጣነው በአውሮፕላን ነው፤ ምን ታሪክ አለን?» የሚሉ እንዳሉም እናውቃለን። ከመንደር ወደ ጎንደር መውረድ፣ ዘመድን ትቶ መምጣት፣ ዓመት ከዓመት መጠበቅ ይህም መንገድ ነው፤ ይጻፍ። ጊዜው አልፏል የምትሉም ካላችሁ፣ መዳብ ቀጥቃጩ ብዕር ያነሡት ከ23 ዓመት በኋላ እንደሆነ አስታውሱ። ሽማግሌዎቻችን ግን ሁልጊዜ ከእኛ ጋር አይኖሩም፤ ስለዚህ ከዚህ ሰንበት ማግስት ጀምሩ። የጻፋችሁትን ወደ ማኅበራችን ብታመጡልን በደስታ እንቀበላለን፤ እንደ ቦታው ስፋትም በዚህ ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ እናወጣዋለን።

ሰላም ለሁላችሁ።